ኸርዝ ሰው ነበር

ስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የስክሪኑን ፍጥነት ብታዩ 60፣ 90 ወይም 120 ኸርዝ የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ሜጋ ኸርዝ ነው። የቤታችሁ ዋይፋይ 2.4 ጊጋ ኸርዝ ነው። ቃሉ እንዲህ አፋችን ላይ ተለምዶ ሳለ፣ እኔ ኸርዝ ማለት እንደ ኪሎና እንደ ሊትር ያለ መለኪያ ይመስለኝ ነበር። እናት የወለደችው፣ 36 ዓመት ኖሮ የሞተ ሰው ስም መሆኑን ከማትሪክ ፈተና በኋላ ጭራሽ ረስቼዋለሁ። ያስታወሰኝ አንድ የተበላሸ ስክሪን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው ባሌ ሮቤ ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመዳችን ለቤታችን አነስተኛ የአየር ሁኔታ መለኪያ ላከልን። ዕቃው ሁለት ክፍል አለው። አንዷ ውጭ የምትሰቀል፣ በሁለት የባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ትንሽ ሳጥን ናት። ሌላው ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ማሳያ ነው። ሳጥኗ ሙቀቱንና የአየሩን እርጥበት ለክታ በደቂቃ አንዴ ገደማ በሬዲዮ ትልካለች፣ ማሳያው ቁጥሩን ያሳያል። በሦስተኛው ወር ማሳያው ከመደርደሪያ ወደቀና በቃ፣ ጠፋ። ውጭ ያለችው ሳጥን ግን ይሄን አላወቀችም። ሰሚ ይኑር አይኑር ግድ ሳይሰጣት መላኳን ቀጠለች።

ለምን ያን ቁጥር ያን ያህል ፈለግኩት? ባሌን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሮቤ ወጣ ስትሉ ሲናና ነው፤ ዓይን እስኪታክት ስንዴና ገብስ። እዚህ በዓመት ሁለቴ ይታረሳል፣ በገና እና በቦና። (ገና ስል የገና በዓሉን አይደለም፤ በኦሮምኛ የዝናብ ወቅቱን ነው።) የስንዴ ጠላት ደግሞ ዋግ ነው። ቢጫ ዋግ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ይወዳል። ሌሊቱ ቀዝቅዞ ጤዛው ቅጠሉ ላይ ለሰዓታት ሲቆይ ይመቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ኩብሳ የተባለውን ዝርያ እንዴት እንዳረገው ትልልቆቹ እስከ ዛሬ ያወራሉ። ኦቦ ብዬ የምጠራቸው ጎረቤታችን ማሳያው በደህና በነበረ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ጎራ ይሉና የሌሊቱ እርጥበት ስንት እንደገባ ይጠይቁኝ ነበር። ማሳያው ሲጠፋ መጠየቃቸውን አላቆሙም። እኔ ነኝ መልስ ያጣሁት።

ያኔ ነው ኮምፒውተሩ የመጣው። ፍላሽ የምታክል፣ ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ ተቀባይ አለች። የተሠራችው ላፕቶፕ ላይ ቴሌቪዥን ለማየት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ገደማ ግን ነገር የሚፈታቱ ሰዎች ውስጧ ያለችው ቺፕ ጥሬውን የሬዲዮ ሞገድ ለኮምፒውተሩ አሳልፋ መስጠት እንደምትችል ደረሱበት። ከዚያ በኋላ ዕቃዋ የቲቪ መሆኗ ቀረና ብዙ ዓይነት ሬዲዮ የምትሰማ ጆሮ ሆነች። አርቲኤል 433 የሚባል ነፃ ፕሮግራም ደግሞ ከ200 በላይ የሆኑ እንዲህ ያሉ መለኪያዎችን ቋንቋ ያውቃል። ያረጀ ላፕቶፔ ላይ ጫንኩት። አንቴናውን ከስልክ ሽቦ 17 ሴንቲ ሜትር ቆርጬ ሠራሁት። ሳጥኗ የምትናገረው በ433.92 ሜጋ ኸርዝ ነው፤ የሞገዱ ርዝመት 69 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ አንቴናው የዚያ ሩብ ነው።

አነጋገሯ ራሱ ይገርማል። ሬዲዮዋን ለግማሽ ሺኛ ሰከንድ ታበራና ታጠፋለች። ጠፍታ የቆየችበት ጊዜ አጭር ከሆነ ዜሮ፣ ረዘም ካለ አንድ ማለት ነው። መልእክቱ በሙሉ 36 ቢት ነው። አንድ ኤስኤምኤስ 1,120 ቢት እንደሚይዝ አስቡና አወዳድሩ። በዚያች 36 ቢት ውስጥ መለያ ቁጥሯ፣ የባትሪዋ ሁኔታ፣ ሙቀቱና እርጥበቱ ይገባሉ። እንዳይጠፋባት ያንኑ ደጋግማ ትልካለች። (አንዳንድ ቀን የማላውቀው ቁጥር ስክሪኔ ላይ ብቅ ይላል። በጎባ መንገድ የሚያልፍ መኪና የጎማውን ንፋስ ለራሱ መኪና ሲናገር ሰምቼ ነው።)

ችግሩ የመጣው ክፍሌ ውስጥ ነው። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ሲሆን ምንም የለም። አንስቼ አንድ ስንዝር ገደማ ወደ መስኮቱ ሳስጠጋው ይሰማል። ሌላ ስንዝር ስገፋው እንደገና ይጠፋል። ዕቃዋ ተበላሸች ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ነበር። ከኋላዬ ያለው ግን የጓዳው ግድግዳ ነው፤ ቆርቆሮ። ሞገዱ ቆርቆሮው ላይ ነጥሮ ይመለሳል፣ የሚመጣውና የሚመለሰው ይጋጫሉ፣ በየ34 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ሞገዱ የሚሞትበት ቦታ ይፈጠራል። ይሄንን ለመረዳት ስፈላልግ ነው አንድ ሰው ከ130 ዓመት በፊት፣ ዚንክ ቆርቆሮ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ተቀባዩን በእጁ ይዞ ወዲያና ወዲህ እያለ እኔ ያየሁትን ነገር ሆን ብሎ ሲፈልገው እንደነበር ያነበብኩት። የሱ ሞገድ 66 ሴንቲ ሜትር ነበር። የኔ 69። ሦስት ሴንቲ ሜትር ነው የምንለያየው።

ሃይንሪኽ ኸርዝ እ.ኤ.አ. የካቲት 22 ቀን 1857 ጀርመን ውስጥ፣ ሐምቡርግ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጠበቃ ነበሩ፣ በኋላም የከተማዋ ሴናተር ሆነዋል። የአባቱ ወገን አይሁዳዊ ሲሆን ወደ ሉተራን ክርስትና የገባ ቤተሰብ ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። ልጁ ሁለት ነገር ይወድ ነበር፣ ቋንቋና እጅ ሥራ። ዐረብኛ ሲማር አስተማሪው በጣም ከመደነቃቸው የተነሳ አባትየውን ልጅዎን ለምሥራቅ ቋንቋዎች ጥናት ይስጡት ብለዋቸው እንደነበር ይነገራል። እሁድ እሁድ ደግሞ የቴክኒክ ስዕል ይማራል፣ ቤት ውስጥ እንጨትና ብረት በቶርኖ ይቀርጻል። ቶርኖ ያስተማሩት ባለሙያ፣ ልጁ አድጎ ፕሮፌሰር መሆኑን ሲሰሙ፣ ምን ዓይነት ቶርኖ ሠራተኛ ቀረብን ብለው አዘኑ የሚል ጨዋታ በቤተሰቡ ውስጥ ነበር። እኔ ባለሙያው ልክ ናቸው ባይ ነኝ። በኋላ የሠራውን ዕቃ ያየ ሰው ሙያው እንዳልቀረ ያውቃል።

መጀመሪያ የፈለገው መሐንዲስ መሆን ነው። ፍራንክፈርት ሄዶ ሥራ ተለማመደ፣ ድሬስደን ትንሽ ተማረ፣ በርሊን በባቡር ሐዲድ ክፍለ ጦር ወታደርነቱን ጨረሰ። እ.ኤ.አ. በ1877 ለምህንድስና ትምህርት ሙኒክ ሲደርስ ልቡ ሸፈተ። ልቡ ያለው ፊዚክስ ላይ ነው። ግን ገንዘቡ የአባቱ ነው። ደብዳቤ ጻፈላቸው። መሐንዲስነት ደህና እንጀራ አለው፤ ሳይንስ የሚባለው ግን መጨረሻው የማይታወቅ ነገር ነው፤ ቢሆንም እሱን ካልተማርኩ ሁልጊዜ ይቆጨኛል የሚል ዓይነት ደብዳቤ ነው። የ20 ዓመት ልጅ ነው እንግዲህ። አባትየው ፈቀዱ። ከናንተ መሐል ኢንጂነሪንግ ግባ ተብሎ ሌላ ነገር የሚመኝ ካለ፣ የዚህን ሰው አባት ዓይነት አባት ይስጠው።

በዓመቱ በርሊን ገባና በጊዜው የጀርመን የፊዚክስ ቁንጮ የነበሩት የሄርማን ሄልምሆልትዝ ተማሪ ሆነ። ሄልምሆልትዝ ወዲያው ዓይናቸውን ጣሉበት። እ.ኤ.አ. በ1879 አንድ ከባድ ጥያቄ አቀረቡለት። ማክስዌል የሚባለው ስኮትላንዳዊ የኤሌክትሪክና የማግኔት ኃይል በአየር ውስጥ እንደ ሞገድ በብርሃን ፍጥነት ይጓዛል፣ ብርሃን ራሱም እሱ ነው ብሎ በሒሳብ አስቀምጦ ነበር። በሙከራ ያየው ሰው ግን የለም። ኸርዝ ተቀምጦ አሰላው። ነገሩን ለማየት ኤሌክትሪክን በሰከንድ ሚሊዮኖች ጊዜ ማወዛወዝ ያስፈልጋል፣ እንዲህ ያለ መሣሪያ ደግሞ የለም። ስለዚህ አልሞክረውም አለ። በዚያው ዓመት ማክስዌል በ48 ዓመቱ ሞተ፤ ሒሳቡ ልክ ይሁን አይሁን ሳያይ።

እዚህ ጋ ነው እኔን በጣም የሳበኝ፣ የሕይወት ታሪኩን የሚጽፉ ሰዎች ግን ዘለውት የሚሄዱት ምዕራፍ የሚመጣው። ኸርዝ የሬዲዮ ሰው ከመሆኑ በፊት የአየር ሁኔታ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1882 በርሊን እያለ ፈሳሽ እንዴት እንደሚተን አጠና፤ የአየርን እርጥበት የሚለካ አዲስ መሣሪያም ሠርቶ ጻፈበት። አስቡት፣ የኔዋ ሳጥን ውስጥ ያለችው እርጥበት ለኪና ያ ቁጥር የሚጓዝበት ሞገድ፣ ሁለቱም በአንድ ሰው እጅ ያለፉ ናቸው።

በ1883 ኪል ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ ለማስተማር ሄደ። ደህና ላብራቶሪ አልነበረም፤ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ነው የቀረው። በዚያ ነው ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ አንዱን የማክስዌልን ቀመር በራሱ መንገድ ያጣራበት፣ ሌላውን ደግሞ እርጥብ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ሥዕላዊ ሰንጠረዥ የሠራው። ሁለቱም በ1884 የወጡ ናቸው።

ይሄን ሰንጠረዥ ለመረዳት የኛ አገር ሰው ኪል መሄድ አያስፈልገውም። ዶሎ መና ሄዶ ወደ ጎባ በሚመለስ አይሱዙ ላይ መውጣት ነው። ከታች ሙቀት ነው። ከደቡብ የሚመጣው እርጥብ አየር የሐረናን ጫካ እየታከከ ከናንተ ጋር አብሮ ይወጣል። ሲወጣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ይለጠጣል፣ ይቀዘቅዛል። ደረቅ እስካለ ድረስ በየ100 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይጥላል። የሆነ ከፍታ ላይ ተኑን መያዝ ያቅተውና ጠብታ ይሆናል፣ ያ ነው ሐረና ላይ ዛፉን የሚያለብሰው ጉም። ተን ውኃ ሲሆን ሙቀት ስለሚለቅ ከዚያ በላይ መቀዝቀዙ ረጋ ይላል። እየወጣ ሲሄድ ጠብታው ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ደግሞ ተኑ ውኃ ሳይሆን በቀጥታ በረዶ ይሆናል። ሳነቴ ሜዳ ላይ ስትደርሱ አራት ሺህ ሜትር ነው፣ ቱሉ ዲምቱ 4,377። ሌሊት ያደረ ውርጭ ሣሩ ላይ ታገኛላችሁ። ኸርዝ ይሄንን ጉዞ ደረቁን፣ የዝናቡን፣ የበረዶ ጠጠሩንና የብናኝ በረዶውን ደረጃ ብሎ በአራት ከፍሎ አንድ ወረቀት ላይ በመስመር አስቀመጠው። የሜትሮሎጂ ባለሙያ ሒሳብ ሳይሠራ ጣቱን መስመሩ ላይ እያስኬደ መልሱን እንዲያነብ ነው። ዛሬ ፊኛ ሰማይ ላይ ለቅቀው ከሚመጣው የሬዲዮ መረጃ የሚሠሩት የአየር ሰንጠረዦች የዚያ ወረቀት የልጅ ልጆች ናቸው።

በ1885 ካርልስሩህ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር አድርጎ ወሰደው። እዚያ ጥሩ የፊዚክስ ዕቃ ቤት አገኘ። የመጀመሪያው ዓመት ከብዶት ነበር፣ ብቸኝነት ገባው፣ ምን እንደሚሠራም ግራ ገባው። በ1886 ክረምት ኤሊዛቤት ዶል የምትባል የባልደረባውን ልጅ አገባ። በዚያው መኸር ላይ የሚማሩ ልጆች ለማሳያ የሚያዩትን ሁለት የሽቦ ጥቅል ሲነካካ፣ በአንዱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲፈነጥቅ አጠገቡ ያለው፣ ያልተነካው ጥቅል ላይም ብልጭታ ዘለለ። ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ ያልፈዋል። እሱ ግን ከሰባት ዓመት በፊት የለም ብሎ የተወው መሣሪያ ይሄው እጁ ላይ መሆኑ ገባው። ብልጭታው ራሱ ነው በሰከንድ ሚሊዮኖች ጊዜ የሚወዛወዘው።

ከዚያ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ሌላ ነገር አላየም ማለት ይቻላል። ላኪው ሁለት የብረት ዘንግ ነው፣ መሐላቸው ትንሽ ክፍተት ያለው፣ ብልጭታው እዚያ ይዘላል። ተቀባዩ ደግሞ ክብ ሽቦ ነው፣ እሱም ጫፍና ጫፉ መሐል ከሚሊ ሜትር ሽራፊ ያነሰ ክፍተት ያለው። ባትሪ የለውም፣ ስክሪን የለውም። ሞገዱ ከደረሰው በክፍተቱ ውስጥ ትንሽ ብልጭታ ይታያል። ይሄን ብልጭታ ለማየት ክፍሉን አጨልሞ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ይጠብቃል። እንግዲህ ያኔ ላፕቶፑም፣ ዶንግሉም፣ ፕሮግራሙም የሰውየው ዓይን ነው።

መሐል ላይ የገጠመው ነገር ለብቻው ታሪክ ነው። ብልጭታውን የበለጠ ለማየት ተቀባዩን በጥቁር ሳጥን ሸፈነው። ብልጭታው አነሰ። እንዴ? ጨለማ ቢጨምር ይበልጥ መታየት አልነበረበትም? ሌላ ሰው ሳጥኑን አንስቶ ይቀጥላል። እሱ ዋናውን ሥራ ለወራት አቁሞ ይሄን ተከታተለ፤ ከላኪው የሚወጣው ለዓይን የማይታይ አልትራቫዮሌት ብርሃን የተቀባዩን ብልጭታ እንደሚያግዘው አረጋገጠ፣ በ1887 ጻፈው፣ ትርጉሙን እኔ አላውቅም ብሎ ተወው። ትርጉሙን የሰጠው አይንስታይን ነው፣ በ1905። አይንስታይን የ1921ን ኖቤል ያገኘው በሱ ነው። ሰው ሌላ ሲፈልግ መንገድ ላይ የጣለው ነገር ለሌላው ኖቤል ሲሆን!

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ትልቁ የትምህርት አዳራሽ 15 ሜትር ርዝመት አለው። የተንጠለጠለውን የጋዝ መብራት ቱቦ ሁሉ አስወረደ። በአንደኛው ጫፍ ግድግዳ ላይ ቁመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር የሆነ ዚንክ ሰቀለ። ላኪውን 13 ሜትር ርቆ አቆመ። ከዚያ ክብ ሽቦውን ይዞ በጨለማው አዳራሽ ውስጥ ብልጭታው የት እንደሚደምቅ፣ የት እንደሚጠፋ እየፈለገ ሄደ። አገኘው። ሞገድ ነው፣ ርዝመቱ ዘጠኝ ሜትር ተኩል ያህል።

ሁሉም ግን አልሰመረለትም፣ ይሄም ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ላይ የሞገዱ ፍጥነት በሽቦ ላይና በአየር ላይ የተለያየ ሆኖበት ነበር። ሒሳቡ ላይ የሠራውን ስሕተት ፈረንሳዊው ፖይንካሬ ነው ያወጣለት። አዳራሹም የራሱ ጣጣ ነበረው፤ የብረት ምሰሶ፣ የብረት ምድጃ፣ ሞገዱ እዚያም እዚህም ይነጥራል። የኔ ላፕቶፕ ቻርጀሩ ሲሰካ ጆሮው ይደነቁራል፣ ስለዚህ በባትሪ ብቻ ነው የምሰማው። ኸርዝ ምድጃ፣ እኔ ቻርጀር።

ሞገዱን ማሳጠር ነበረበት። በ1888 መጨረሻ ላኪውን ወደ 26 ሴንቲ ሜትር የናስ ዘንግ አሳነሰውና ሞገዱ 66 ሴንቲ ሜትር ሆነ። በዛሬ አቆጣጠር 450 ሜጋ ኸርዝ ግድም ነው፤ የኔዋ ሳጥን ሰፈር። ሁለት ሜትር ቁመት ያለው ዚንክ እንደ ሳተላይት ዲሽ አጎበጠና አንዱን ላኪ ጀርባ፣ አንዱን ተቀባይ ጀርባ አቆመ። ሞገዱ እንደ ባትሪ መብራት ቀጥ ብሎ ሄደ። ሰው መሐል ሲገባ ተቋረጠ። በተዘጋ የእንጨት በር አልፎ የጎረቤት ክፍል ውስጥ ብልጭታ አወጣ፤ በዚህስ ራሱ ኸርዝም ተደንቋል። ከሬንጅ ደግሞ ከ600 ኪሎ በላይ የሚመዝን ትልቅ ፕሪዝም አስቀልጦ አሠራና ሞገዱ በውስጡ ሲያልፍ ልክ ብርሃን በመስታወት ውስጥ እንደሚጎብጠው ጎበጠ። ማክስዌል ትክክል ነበር። ብርሃንና ይሄ የማይታየው ነገር አንድ ቤተሰብ ናቸው።

ስለ ኸርዝ የሚወራ አንድ ነገር አለ። ሰውየው ግኝቱ ለምንም አይጠቅምም ብሎ ነበር፣ እዩት እንግዲህ እንዴት እንደተሳሳተ እያሉ የሚቀልዱበት። እኔ ቀልዱ አይጥመኝም። የሚታወቀው ይሄ ነው፤ በ1889 መጨረሻ አንድ የሙኒክ መሐንዲስ በዚህ ሞገድ ስልክ ማነጋገር ይቻል እንደሆነ ጽፎ ጠየቀው። ኸርዝ የሰው ድምፅ በሰከንድ ሺህ ጊዜ ያህል ብቻ ስለሚወዛወዝ ሞገዱ 300 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ እሱን ለመጥለፍ አህጉር የሚያክል መስታወት ያስፈልጋል ብሎ መለሰለት። ስሌቱ ልክ ነው። ድምፁን በፈጣን ሞገድ ጀርባ ላይ ጭኖ መላክ የሚለው ሐሳብ ነው ያልመጣለት። ለዚያ የሚሆን ዕቃም አልነበረም።

ሐሳቡ እንዳይመጣለትም ጊዜ አልተሰጠውም። በ1889 ቦን ዩኒቨርሲቲ ወሰደው፣ በ1890 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የራምፎርድን ሜዳልያ ሰጠው፣ ሁለተኛዋ ልጁ ማቲልዴ በ1891 ተወለደች። ከዚያ ሕመም። አስቀድሞ ጥርሱ ያሠቃየው ነበር፣ ብዙ አስነቀለ። በ1892 አፍንጫው፣ ጆሮው፣ ራሱ ታመመ። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ተደገመለት። ዛሬ ሐኪሞች የደም ሥር የሚያቃጥል፣ የራስ የሰውነት መከላከያ በራስ ላይ የሚነሳበት በሽታ ነበር ብለው ይገምታሉ፤ ያኔ መድኃኒት ቀርቶ ስሙም አይታወቅም። እሱ እየታመመ የሜካኒክስ መሠረቶች የሚለውን መጽሐፉን ጻፈ፣ ጨረሰው፣ ታትሞ ግን አላየውም። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1894 ሞተ። ሚስቱ ከሁለት ትንንሽ ልጆች ጋር ቀረች፣ ትልቋ ዮሐና ገና ስድስት ዓመቷ ነው። አስተማሪው ሄልምሆልትዝ ለተማሪያቸው መጽሐፍ መቅድም ጻፉ፣ በዚያው ዓመት እሳቸውም ሞቱ።

በዚያው 1894 ሰሜን ጣሊያን ተራራ ላይ ለእረፍት የወጣ የ20 ዓመት ልጅ ስለ ኸርዝ የተጻፈ የሐዘን ጽሑፍ አነበበ ይባላል። ጉሊየልሞ ማርኮኒ ነው። በዚህ ሞገድ መልእክት መላክ ይቻላል ብሎ ተነሳ። በ1901 አትላንቲክን አሻገረ፣ በ1909 ኖቤል ወሰደ። ትምህርት ቤት የሬዲዮ አባት ብለን የተማርነው እሱን ነው። የተማርነው ግን ግማሹን ነው። ማርኮኒ ከ1923 ጀምሮ የፋሺስት ፓርቲ አባል ነበር፣ ሙሶሊኒ የጣሊያን ሮያል አካዳሚ ፕሬዝዳንት አድርጎታል። በ1935 አገራችን ስትወረር ወረራውን በይፋ ደግፎ ለዓለም ተከራክሯል። በዚያ ጦርነት የጣሊያን ጦር የኛን አዛዦች የሬዲዮ መልእክት እየጠለፈ ያነብ ነበር። ኸርዝ በጨለማ አዳራሽ ውስጥ በዓይኑ የፈለጋት ብልጭታ፣ በ50 ዓመቷ ገደማ ማይጨው ላይ በኛ ላይ ወጣች። ይሄን ያነበብኩ ቀን ላፕቶፑን ዘግቼ ትንሽ ወጣ ብዬ ተመላለስኩ።

የኸርዝ ቤተሰብም ከዚያው ዘመን አላመለጠም። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን የድግግሞሽ መለኪያውን በስሙ የሰየመው በ1930 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ናዚዎች ሥልጣን ያዙ። ክርስቲያን ሆኖ ተወልዶ ክርስቲያን ሆኖ የሞተው ሰው፣ የአባቱ ወገን አይሁድ ነው ተብሎ ሐምቡርግ የከተማው አዳራሽ ተሰቅሎ የነበረው ሥዕሉ ወረደ። ማቲልዴ የእንስሳትን ባሕርይ የምታጠና ሳይንቲስት ሆና ነበር፣ በ1933 የማስተማር ፈቃዷን ተነጠቀች። የወንድሙ ልጅ ጉስታቭ ኸርዝ የ1925 የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚ ነው፣ እሱም ከወንበሩ ተነሳ። ረዳቱ የነበረውና የመጨረሻ መጽሐፉን ለኅትመት ያዘጋጀው ፊሊፕ ሌናርድ ደግሞ የናዚ ፊዚክስ ዋና ሰባኪ ሆነ። ሚስቱ ኤሊዛቤትና ሁለቱ ልጆቿ ጀርመንን ጥለው እንግሊዝ ገቡ። ስሙን ግን ከመለኪያው ላይ ማንሳት አልተቻለም። ከእያንዳንዱ ሬዲዮ ጀርባ ላይ ተጽፏል፣ የቱን ታወርዳለህ?

አሁን ላፕቶፑ ከጓዳው ቆርቆሮ ርቆ፣ ሞገዱ የማይሞትበት ቦታ ላይ ተቀምጧል። ወለሉ ላይ በኖራ ምልክት አድርጌበታለሁ፣ እናቴ ስትጠርግ እንዳታነሳው። ሰሞኑን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ተነስቼ አየሁት። 6.8 ዲግሪ፣ እርጥበት 96 በመቶ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ከ90 በታች አልወረደም።

ኦቦ ጠዋት ሲመጡ ነገርኳቸው። ቁጥሩን አልወደዱትም። ከዚያ ይሄ ነገር ከየት ነው የሚሰማው ብለው ላፕቶፑን ዞር ብለው አዩት፤ ስለ ሰውየው፣ ስለ ቆርቆሮውና ስለ ጨለማው አዳራሽ አጫወትኳቸው። ልጆቹስ ምን ሆኑ ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ዱላቸውን አንስተው ቅጠሉን ሊያገላብጡ ወደ ማሳቸው ወረዱ።

እኔም ስክሪኑን ሳይ የባትሪዋ ምልክት ተቀይሯል። ሳጥኗ ድንጋይ ሊያልቅባት ነው። ሱቅ ሳይዘጋ ሁለት ልግዛ።